ልጄ «ጥቁር ፕሪንሰስ አልፈልግም» አለችኝ፣ ምን ልበላት?

የሲልቨር_እናት፦
ሰላም እህት ወንድሞቼ እንዴት ናችሁ። ነገሩ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል እኔ ግን እንቅልፍ ካጣሁ ሶስት ቀኔ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምንኖረው፣ ልጄ ሰባት አመት ሊሞላት ነው፣ ለልደቷ የፕሪንሰስ ቀሚስ ልገዛላት ይዣት ወጣሁ። ሱቁ ውስጥ የትንሿ ሜርሜድ ቀሚስ (ያቺ ከወገቧ በታች አሳ የሆነችው) ሁለት አይነት ተሰቅሏል፣ አንዱ ላይ የድሮዋ የካርቱኗ ኤሪየል አለች ነጯ ባለ ቀይ ፀጉሯ፣ አንዱ ላይ ደግሞ በ2023ቱ ፊልም ሃሊ ቤይሊ የሰራቻት ጥቁሯ ኤሪየል። እኔ በደስታ ጥቁሯን መንጭቄ አውርጄ ተመልከቺ እንዳንቺ ናት'ኮ ስላት ፊቷን ቅጭም አርጋ «ኖ ማሚ፣ ጥቁር ፕሪንሰስ አልፈልግም፣ እኔ ጥቁር አይደለሁም፣ ቀይ ነኝ፣ አያቴ ነግራኛለች» አትለኝም? እግሬ ተሳሰረ። ከኋላችን ሁለት ሴት ልጆቿን የያዘች ጥቁር አሜሪካዊት ቆማ ነበር፣ ደግነቱ ልጄ ከኖ ማሚ ውጪ ሌላውን በአማርኛ ነው ያለችው።

እቤት ገብቼ ነገሩን ሳብላላው ነው ከየት እንደመጣ የገባኝ። እናቴ ከጎንደር መጥታ አብራን ናት፣ ልጅቷን ባቀፈቻት ቁጥር «የኔ ቀይ፣ አባቷን የወጣች ብስል ቀይ» ነው ምትላት። እኔም ስል የኖርኩት ነው፣ ማን ያላለ አለ። ልጄ ግን ቀይ የሚለውን የሰማችው እንደ ክሬየን ከለር ነው። አምና ኪንደርጋርተን እያለች ራሳችሁን ሳሉ ሲሏቸው ፊቷን እንደ ቲማቲም ቀይ ቀብታው መጥታ ስቀን ስቀን ፍሪጅ ላይ ለጥፈነው ነበር፣ አሁን ሳየው ሳቁ አልመጣ አለኝ።

ባሌ ታጋንኛለሽ ይላል። እስቲ ልጅ ያሳደጋችሁ ንገሩኝ፣ ዲዝኒውን ልዝጋው? እናቴን ልቆጣ? ወይስ ልጅ ናት ብዬ ልተወው?

ቀጮ_አሌክሳንድሪያ፦
እህቴ በናትሽ አታካብጂው። ካርቱን ነው። እኛ ስንት የህንድ ፊልም አይተን ህንድ አልሆንን፣ ከብሩስ ሊ ጋር ስንት አመት ተራግጠን ቻይና አልሆንን። የፈለገችውን ግዢላትና ኬኩን ቁረጡ። ደሞ እኛ ሀበሻ ነን፣ እነሱ ጥቁርና ነጭ እያሉ የሚባሉበት ጣጣ ውስጥ እኛን ምን ዶለን።

አምፒር፦
ቀጮ ወንድሜ የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው አይደል? ቨርጂኒያ ውስጥ ነጭና ጥቁር መጋባት ወንጀል መሆኑ የቀረው በ1967 ነው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በስንት መከራ። ሚልድረድ ላቪንግ የምትባለው ባለጉዳይዋ ባሏ ነጭ ስለሆነ ብቻ ከአልጋዋ ላይ ነው በፖሊስ የተነሳችው። በ2016 ፊልም ሆኖ ሲወጣ እሷን ሆና የሰራችው ማን እንደሆነች ታውቃለህ? ሩት ኔጋ፣ አዲስ አበባ የተወለደችው፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ እናቷ አይሪሽ፣ ኦስካርም የታጨችበት ነው። እና ምን ዶለን ለምትለው እንዲህ ነው የዶለን፣ ፖሊሱ መኪናህን ሲያስቆምህ ሀበሻ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅህም።

ወደ እህታችን ልመለስ። አልተካበደም። በ1940ዎቹ ኬነዝ ክላርክና ሚስቱ ሜሚ ክላርክ የሚባሉ ጥቁር ሳይኮሎጂስቶች በቀለም ብቻ የሚለያዩ አሻንጉሊቶች አቅርበው ህፃናትን ጠየቁ፣ ጥሩዋ የቷ ናት፣ መጥፎዋ የቷ ናት፣ አንቺን የምትመስለው የቷ ናት። ብዙዎቹ ጥቁር ልጆች ጥሩዋ ነጯ ናት አሉ፣ መጥፎዋ ጥቁሯ። ከዛ አንቺን የምትመስለውን ስጪኝ ሲባሉ ያቺኑ መጥፎ ያሏትን ለማንሳት ግድ ሲሆንባቸው ያለቀሱ አሉ፣ ክፍሉን ጥለው የወጡም አሉ። ይሄ ጥናት በ1954 ትምህርት ቤቶች በዘር መለያየታቸው ህገወጥ ነው ሲባል ውሳኔው ላይ ተጠቅሷል። ያንቺ ልጅ ሱቅ ውስጥ ያረገችው ቁጭ ያንኑ ነው፣ ልዩነቱ እሷ «ቀይ» የምትል ማምለጫ አማርኛ ነበራት።

እና ልጅ ይሄን ከየት ያመጣዋል ካልሽ ከሚያየው ነዋ። ዲዝኒ የመጀመሪያዋን ፕሪንሰስ በ1937 አወጣ፣ ስኖው ዋይት፣ ስሟ ራሱ እንደ በረዶ የነጣች ማለት ነው፣ መስታወቱም ለእንጀራ እናቷ ከሁሉ ቆንጆ እሷ ናት ይላታል። ጥቁር ፕሪንሰስ የመጣችው በ2009 ነው፣ ቲያና። 72 አመት! እሷም መጀመሪያ ሲያስቧት ማዲ የምትባል የነጭ ቤት ገረድ አርገዋት ነበር፣ ሰው ሲጮህ ነው ስሟም ስራዋም የተቀየረው። (ገረድ ስል፣ ኦስካር የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 የተሸለመችው ገረድ ሆና ሰርታ ነው፣ ሽልማቱ ቀንም ከነጮቹ ጋር ሳይሆን ለብቻዋ ጠረጴዛ ተሰጥቷት ነው የተቀመጠችው።) ቲያና በመጨረሻ ተሳክቶላት ፕሪንሰስ ስትሆን ደግሞ ፊልሙን አብዛኛውን ምን ሆና ታሳልፋለች? እንቁራሪት። ሌሎቹ በሰውነታቸው እየዘፈኑ ጨፈሩ፣ የኛዋ ረግረግ ውስጥ ዝንብ ስታሳድድ አመሸች 😂

ከዛ በፊት የነበረውማ ባይነሳ ይሻላል። የ1941ዱ ዱምቦ የሚባለው ካርቱን ውስጥ ያሉት ቁራዎች ጥቁሮችን ለማስመሰል ነው የተሰሩት፣ የአለቃቸው ስም ጂም ክሮው ነው፣ የመድልዎ ህጉ ስም ማለት ነው፣ ድምፁን የሰጠው ግን ነጭ ነው። በ1946 ስለ አሜሪካ ደቡብ የሰሩት ፊልም ላይ ዋናው ተዋናይ ጄምስ ባስኬት አትላንታ ላይ ሲመረቅ የራሱ ፊልም ምረቃ ላይ መገኘት አልቻለም፣ ከተማው በዘር የተከፋፈለ ስለነበረ። ያንን ፊልም ዲዝኒ ራሱ አፍሮበት አሜሪካ ውስጥ በካሴት እንኳ አላወጣውም።

ስለዚህ ጥቁሯ ኤሪየል ስትመጣ ያ ሁሉ ጫጫታ ለምን እንደተነሳ አስቢው። ሃሊ መመረጧ የተነገረው 2019 ላይ ነው፣ ወዲያው «የኔ ኤሪየል አይደለችም» የሚል ሃሽታግ ተነሳ። ግማሽ አካሏ አሳ የሆነች ከክራብ ጋር የምታወራ ልጅ ስትሆን አመኑ፣ ጥቁር ስትሆን ነው ውሸት የሆነባቸው።

የሲልቨር_እናት፦
አምፒር እግዜር ይስጥህ፣ የእንቁራሪቷ ነገር አስቆኝ ቡናዬን ልትደፋኝ ነበር። ግን ልጄ እነዚህን የድሮዎቹን አላየችም'ኮ። አዲሶቹን ነው የምታየው።

አምፒር፦
አዲሶቹም አሮጌውን በስንቃቸው ይዘው ነው የሚመጡት። ለምሳሌ ያቺው ኤሪየል፣ የ1989ኙን ካርቱን ከልጅሽ ጋር እዪው፣ ታሪኩ ምንድነው? ሴት ልጅ ወንድ አይታ ወደደች፣ እሱ ጋ ለመድረስ ድምፅዋን ሸጠች፣ ከዛ አፏን ዘግታ በአይኗ ብቻ ልታፈቅረው ሞከረች። ካረን አይዘንሃወርና ካርመን ፎውት የሚባሉ ሁለት የቋንቋ ሰዎች በ2016 ቁጭ ብለው የዲዝኒ ፕሪንሰስ ፊልሞችን ማን ስንት እንደሚያወራ ቆጠሩት። ትንሿ ሜርሜድ ላይ ንግግሩን 68 ከመቶ የሚያወሩት ወንዶች ናቸው። አላዲን ላይ 90። ሙላን ላይ፣ ሴቷ ሰይፍ ይዛ ቻይናን ያዳነችበት ፊልም ላይ፣ 77። ሚገርመው በ1959ኙ ስሊፒንግ ቢዩቲ ሴቶቹ 71 ከመቶ ያወሩ ነበር፣ ልዕልቷ ተኝታ እንኳን! ማለት ጊዜው በሄደ ቁጥር ይሻሻላል የሚባለው ነገር ሁሌ እውነት አይደለም፣ ጀግና ሴት አመጣንላችሁ ብለው ዙሪያዋን በወንድ ጓደኛ፣ በወንድ ድራጎን፣ በወንድ ፌንጣ ሞሉት።

መምህርት_ሽሮሜዳ፦
የኔ እህት አይዞሽ። እኔ አዲስ አበባ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ፣ ያንቺ ችግር እዚህም አለ፣ እንደውም ዲዝኒ የማያዩትም ልጆች ጋ አለ። የክፍል ድራማ ስናሰራ ንግስቷ ማን ትሁን ስላቸው ሁሉም በአንድ አፍ ወደ አንዲት ቀላ ያለች ፀጉሯ ረጅም ልጅ ጠቆሙ። ሰራተኛዋስ ስል ደግሞ ጥቁሯን ልጅ። ልጅቷ ምንም አላለችም፣ ልማዷ መሰለኝ፣ ሄዳ መጥረጊያውን አነሳች። እኔ ነኝ ያፈርኩት።

የኛን ክሊፖች እዩዋቸው እስቲ፣ ገጠር ነው የተባለ ዘፈን ላይ እንስራ የተሸከመችው ልጅ ከየት እንደመጣች አይገባኝም፣ ፀሀይ ነክቷት አያውቅም። ልብ በሉ ዘፈኑ'ኮ «ጠይም» እያለ ነው የሚያሞግሰው! አማርኛችን ለጠይም ያላለው ምስጋና የለም፣ ጠይም አሳ መሳይ፣ የጠይም ቆንጆ፣ ካሜራው ግን ቀዩዋን ነው የሚቀርፀው። ጆሮና አይን ተጣልተዋል። ጥቁር የሚለው ቃል ራሱ ለሀገር ኩራት ሲሆን ደረት ያስነፋል፣ አድዋ ሲነሳ ሁላችንም ጥቁር ነን፣ ጋብቻ ሲነሳ ግን «ጠቆር ትላለች ግን ቆንጆ ናት» ይመጣል። ግን የምትለዋ ቃል ስንት ልጅ አቁስላለች።

አምፒር የጠቀሰውን የዝም ማለት ነገር ሳነበው ደሞ ማን ትዝ አለኝ መሰላችሁ፣ ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ የምትለዋ ተረታችን። ጠንቋይዋ ኤሪየልን ድምፅሽን ሽጪልኝ ስትላት ወንዶች ወሬኛ ሴት አይወዱም ብላ ነው'ኮ የምታሳምናት። አያቴ ቃል በቃል ብላኛለች፣ ባህር ውስጥ መኖር አላስፈለጋትም።

ግን ሁሉንም ጨለማ አናድርገው። የኛ ተረት ላይ ብልጧ ማናት? እመት ጦጢት፣ ሴት። ሆዳሙ ጅሉስ? አያ ጅቦ፣ ወንድ። ማንም የቆዳ ቀለማቸውን አይጠይቅም። ፀሐይ መማር ትወዳለች የሚለውን የልጆች ፕሮግራምስ ታውቂዋለሽ? ብሩክታዊት ትጋቡ ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው፣ እኤአ ከ2006 ጀምሮ በኢቲቪ ይታይ የነበረ፣ እሷም እንደኔ መምህርት ነበረች። ፀሐይ የስድስት አመት ቀጭኔ ናት፣ ሴት፣ ጠያቂ፣ ቤቷ የኛ ቤት የሚመስል። ልጆቼ ሲያይዋት የፀጉሯም የቆዳዋም ነገር ትዝ አይላቸውም። ከዛ በኋላ ያው ቤት ጥበብ ገርልስ የሚል አኒሜሽን አወጡ፣ ሶስት የኛ ልጆች ናቸው ሀይል ያላቸው፣ ያለ እድሜ ጋብቻን ይዋጋሉ፣ ስለ ወር አበባ ሳይቀር ያወራሉ። የመጀመሪያ ቀን ስለ ወር አበባው ክፍል ውስጥ ሳሳይ ወንዶቹ ሳቁ፣ እስኪያልቅ ግን ዝም ብለው አዩት። ዩቲዩብ ላይ አማርኛውን ፈልጊላት፣ ቋንቋም ትማርበታለች።

ክሬየኑን በተመለከተ ደሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ክሬዮላ ድሮ የፈረንጅ ቆዳ የመሰለውን ከለር «ስጋ» ብሎ ነበር የሚጠራው፣ የሰው ስጋ ማለት ያ ብቻ ይመስል፣ በ1962 ነው ስሙን ቀይሮ ኮክ ያለው። በ2020 ደግሞ የሰው ቆዳ ብቻ 24 አይነት ከለር ያለው ፓኬት አወጣ። እዚህ ማግኘት ከባድ ነው ላንቺ ግን ጎረቤትሽ ያለው ሱቅ ይኖረዋል። እሱን ግዢና አያትየውም ልጅቷም አብረው ይሳሉ። እናትሽን አትቆጪ፣ ከጎንደር ድረስ የመጣች እናት ስለ ከለር ብለሽ ልታስከፊ?

ካራማ_ዱባይ፦
እኔ ደሞ ሌላ ነገር ልናገር፣ ዱባይ ነው ያለሁት ሁለት ልጆች አሉኝ። ስለ ጥቁርና ነጩ ተስማምቻለሁ ግን ለምን ማንም አያነሳም፣ ካርቱን ውስጥ ጌይ ማስገባት ጀምረዋል'ኮ! 2022 ሰኔ ላይ ላይትይር የሚባለውን ካርቱን ላሳያቸው ቃል ገብቼ ልጆቹ ቀን እየቆጠሩ እያለ እዚህ አይታይም ተባለ፣ ሁለት ሴቶች የሚሳሳሙበት አጭር ቦታ አለው ተብሎ ኤምሬትስ ከለከለው። ልጆቼ ሲያለቅሱ እኔ ግን እሰይ ነው ያልኩት ልዋሽ አልችልም። እኛ ስናድግ ካርቱን ንፁህ ነበር። ፍቅር እንኳን ቢኖር ወንድና ሴት ነው።

ቀጮ_አሌክሳንድሪያ፦
ካራማ ልክ ነሽ!! ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ቀሚስ ምናምን አይደለም።

አምፒር፦
ካራማ እህቴ፣ ለልጆችሽ የምታሳዪውን መምረጥ መብትሽ ነው፣ እኔ እዛ ውስጥ አልገባም። ግን «ስናድግ ንፁህ ነበር» ያልሽው ላይ ላቁምሽ። ያ ነገር ድሮም ነበረ፣ ክፉ ሆኖ ስለመጣ ነው ያላየነው። የ1989ኙ ካርቱን ላይ ያለችውን ጠንቋይ ኡርሱላን አስቢያት። ያቺ ወፍራም፣ ቅንድቧ እስከ ግንባሯ የተሳለ፣ ድምፅዋ የሚያስተጋባ። እሷን ሲስሏት መነሻ ያረጉት ዲቫይን የሚባለውን የሴት ልብስ እየለበሰ ይተውን የነበረ ሰው ነው፣ የባልቲሞር ልጅ፣ ሲልቨር እናት ካንቺ ቤት በመኪና አንድ ሰአት አይሞላም። ዘፈኑን የፃፈው ሃዋርድ አሽማንም ባልቲሞር ነው ያደገው፣ እሱም ጌይ ነበር፣ በ1991 በኤድስ ነው የሞተው። የአላዲኑን ክፉ ጃፋርን ተመልከቺ፣ የላየን ኪንጉን ስካርን ተመልከቺ፣ አካሄዳቸውን፣ የእጃቸውን አያያዝ፣ አነጋገራቸውን። ጀግናው ደረቱ ሰፊ ነው ድምፁ ወፍራም፣ ክፉው ቀጭን ነው ሲራመድ ይሽሞነሞናል። ሁለቱንም የሳላቸው አንድርያስ ዴያ የሚባል ራሱ ጌይ የሆነ ሰው ነው፣ እሱ እንግዲህ ጥበቡን ነው የሰራው፣ ግን እኛ ልጅ ሆነን ምን ተማርን? ሴታሴት ወንድ ካየህ ተጠንቀቅ፣ ዙፋን ሊሰርቅ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ካልሽ የሆሊውድ ደምብ ነበር፣ ሄይስ ኮድ የሚሉት፣ ከ1934 እስከ 1968 ይሰራ የነበረ። ግብረሰዶም ማሳየት ክልክል፣ ነጭና ጥቁር ሲፋቀሩ ማሳየት ክልክል፣ ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ። አስቡት፣ ያ ወረቀት ቢቀጥል ሩት ኔጋ ስራ አልነበራትም፣ ወላጆቿም ፊልም ላይ ቢሆኑ ይቆረጡ ነበር። ታዲያ በግልፅ ማሳየት ሲከለከል በጎን ገባ፣ እንደ ቀልድ ወይ እንደ ክፉ። ዲዝኒ ከደምቡ በኋላም ልማዱን ይዞ ቀጠለ። አረቦቹንም እዩ፣ አላዲን ውስጥ ጀግናው አላዲንና ጃስሚን አሜሪካዊ አክሰንት ነው የሚያወሩት፣ ነጋዴውና ዘበኛው ነው አረብ የሚመስለው። የመክፈቻው ዘፈን ላይ ፊትህ ካላማራቸው ጆሮህን ይቆርጣሉ የሚል ስንኝ ነበረ፣ አሜሪካ ያሉ አረቦች ጮኸው በ1993 ካሴቱ ላይ ተቀየረ። ካራማ ዱባይ ስላለሽ ይሄ ሳይገባሽ አይቀርም።

ካራማ_ዱባይ፦
የአላዲኑን አላውቅም ነበር ጉድ ነው። ስለሌላው ግን ሀሳቤን አልቀየርኩም። ስካር ግን... ወይኔ እውነትም አንገቱን ሲያዞር 🙈

የነታንያዋ፦
ይቅርታ ከእስራኤል ነው የምፅፈው፣ አማርኛዬ ቢሰበር እለፉኝ፣ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ስንመጣ ስምንት አመቴ ነበር። የልጅቷ «እኔ ቀይ ነኝ» ያለችው ነገር አስለቀሰኝ ምክንያቱም ይሄ የኛ ታሪክ ነው። እናቴ ሀገሯ ላይ ቀይ ነበረች። ሰው ቀይ ይላት ነበር፣ ራሷንም ቀይ ነው የምትለው፣ ጥቁር ሌላ ሰው ነው፣ ጥቁር ሲባል ባሪያ ማለት ነበር፣ አዎ እኛም እንደዛ እንል ነበር አንደብቀው። ከዛ አውሮፕላን ገባን፣ ሌሊቱን በረርን፣ ወረድን፣ ጠዋት ላይ ጥቁር ሆነን ተነሳን። ትምህርት ቤት ልጆቹ ኩሺ (ጥቁር ሰው የሚሰደብበት ቃል) ሲሉኝ እቤት መጥቼ ለእናቴ ስነግራት «ተሳስተው ነው፣ ቀይ ነሽ በያቸው» አለችኝ። ሄጄ በዕብራይስጥ ቀይ ነኝ አልኳቸው፣ አዱማ። የሳቁትን ሳቅ እስከዛሬ እሰማዋለሁ።

ቴሌቪዥን ላይ የኛ ሰው ሲመጣ ወይ ፅዳት ሰራተኛ ነው ወይ ጉልበቷን አቅፋ የምታለቅስ አሮጊት። የአክስቴ ልጅ ተዋናይ ልትሆን ብላ ለፈተና በሄደችበት ሁሉ መጥረጊያ ነው የሚሰጧት፣ አንድ ቦታማ የራሷን ጫማ አስወልቀው የተቀደደ አጠለቁላት። በ2013 ቲቲ አይነው ሚስ እስራኤል ስትሆን ሰፈራችን የሰርግ ያህል ነበር፣ እናቴ ጋዜጣውን ቆርጣ አስቀምጣዋለች። ከዛ በ2017 ነፍሱ የሚል ኮሜዲ መጣ፣ የኛን ልጅ ከነጭ እስራኤላዊት ሚስቱ ጋር የሚያሳይ፣ ስሙ ራሱ የኛ ቃል ነው፣ ዮሲ ቫሳ ነው የሚሰራው፣ ኢንተርናሽናል ኤሚም አግኝቷል። ጥሩ የሆነብኝ ምን መሰላችሁ፣ እዛ ላይ የኛ ሰው ይሳሳታል፣ ይዋሻል፣ ይቀናል፣ አማቱን ያበሽቃል። ቆንጆ ወይ ምስኪን ብቻ አይደለም። ቲቲን እወዳታለሁ ግን ሁላችንም የቁንጅና ውድድር አናሸንፍም።

የሲልቨር እናት፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ልጅሽን «ቀይ አይደለሽም ጥቁር ነሽ» ብለሽ ብቻ እንዳትለቂያት። እኔን እንደዛ ነው ያረጉኝ፣ ቃሉን ወሰዱት ሌላ አልሰጡኝም።

ሲያትል_አባት፦
ሴት ሴት ብቻ እያወራችሁ ነው፣ ወንዶቹስ? የኔ ልጅ አራት አመቱ ነው ኤልሳ ናት ሞቱ፣ የፍሮዝኗ፣ ሰማያዊ ቀሚሷን ግዛልኝ ብሎ ሁለት ወር ሲያለቅስ ሚስቴ ገዛችለት፣ ለብሶ በረዶ እየረጨ ነው የሚውለው። ልጁ የሚወዳት በረዶ ስለምትተኩስ ነው፣ ቢጤዎቹ ወንዶች በሙሉ ሽጉጥ ነው የሚተኩሱት፣ እሱ በረዶ ነው ያማረው። ቤተክርስቲያን ማህበር ላይ አንድ ሰው ፎቶውን አይቶ «አሁኑኑ ካላስቆማችሁት ይበላሻል» ብሎኝ ፀብ ውስጥ ገብተናል።

ቀጮ_አሌክሳንድሪያ፦
ወንድሜ ሰውየው እውነቱን ነው። ወንድ ልጅ በቀሚስ? በኛ ባህል የለም።

መምህርት_ሽሮሜዳ፦
ቀጮ በኛ ባህል የለም ከማለትህ በፊት አባባ ተስፋዬን ጠይቃቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» እያሉ አንተንም እኔንም ያሳደጉን አባታችን፣ ወጣት ተዋናይ እያሉ መድረክ ላይ የሚወጣ ሴት ስላልነበረ የሴት ቀሚስ ለብሰው የሴት ገፀባህሪ እየሆኑ ተውነዋል። ማን ተበላሸ? ህዝብ አጨበጨበ፣ አርበኛ ልጅ አሳደገ። ልጁ አራት አመቱ ነው፣ በረዶውን ይርጭ ተዉት።

ቀጮ_አሌክሳንድሪያ፦
አባባ ተስፋዬ?? ይሄንን አላውቅም ነበር። እሺ በሳቸው መጣችሁብኝ፣ ዝም ብያለሁ።

የሲልቨር_እናት፦
ከሳምንት በኋላ መጣሁ ይቅርታ፣ ስራ ደርቦብኝ። ሁላችሁንም አነበብኩ፣ ለባሌም ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ የነታንያዋን ሳነብለት ቴሌቪዥኑን አጠፋው፣ አሁን ታጋንኛለሽ አይልም።

መምህርት ያልሽኝን ክሬየን ገዛሁት፣ 24ቱን። ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው። ልጄ እያንዳንዱን እጇ ላይ እያስጠጋች ስትሞክር ቆይታ አንዱን መርጣ «ይሄ ነኝ» አለች። እናቴ መነፅሯን አርጋ ክሬየኖቹን አንድ ባንድ ገላበጠቻቸውና «ብስል ቀይ የሚባለው የቱ ነው?» አለችን፣ የለም ስንላት «ይህን ሁሉ ሰርተው እሱን ረሱት?» ብላ ተናደደች። ከዛ ልጄ የሷን እጅ ይዛ ለካችና በጣም ጠቆር ያለውን አነሳች። እናቴ ክሬየኑንም እጇንም አየች፣ ምንም ሳትል ስኒዋን አነሳች። እኔ አልተቆጣኋትም፣ ብስል ቀዩንም ከአፏ አላስጣልኳትም። ለልጄ ያልኳት ግን አያትሽ ቀይ የምትልሽ ስትወድሽ ነው፣ እዚህ ሀገር ሰዎች ጥቁር ይሉሻል፣ እሱም አንቺ ነሽ፣ ክሬየኑም አንቺ ነሽ፣ ሶስቱንም ትሆኛለሽ። ምን ያህል እንደገባት እንጃ፣ «ኦኬ» አለች።

ፊልሙን ደግሞ አብረን አየነው፣ መጀመሪያ የድሮውን ከዛ የአዲሱን። ኤሪየል ድምፅዋን ስትሸጥ ለምን ትሸጣለች ብላ ተናደደች፣ እኔ ምንም ሳልላት። በአዲሱ ያ ወንዶች ወሬኛ አይወዱም የሚለው ስንኝ ተቀንሷል ለካ፣ እኔ ነኝ ልብ ያልኩት።

ቀጮ_አሌክሳንድሪያ፦
እሺ ዋናውን አልነገርሽንም፣ ቀሚሱ የቱ ተገዛ? ነጯ ወይስ ጥቁሯ?

የሲልቨር_እናት፦
ሁለቱም አልተገዛም። ኡርሱላን ነው የምሆነው አለች! ለምን ስላት «ቀሚሷ እጅ እጅ አለው፣ ደሞ ማንም ዝም በይ አይላትም» አለችኝ። አማዞን ላይ አዝዤ መጣ፣ ጥቁርና ወይን ጠጅ፣ ስምንት እጅ። እናቴ ስታያት አማተበችና ትንሽ ቆይታ ምን ብትል ጥሩ ነው፣ «ይሄን ሁሉ እጅ ይዛ እንጀራ ብትጋግር ስንት ታወጣ ነበር።»